ያበጠው ግራር

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አለችኝ አያቴ ደብተሬን ከዓይኗ አርቃ ይዛ።

«ግራሩ ነዋ እማማ። ያ ከማሳችን ዳር ያለው።»

ዘቅዝቃ አየችው። አቅንታ ደገመችው። «ኧረ ወዲያ! ግራር እንዲህ አብጦ አያውቅም» አለችና ሰፌዷ ላይ ወደ ዘረጋችው ምስር ተመለሰች።

እውነቷን ነበር። የሳልኩት ዛፍ የእኛ አገር በሆነችው በምንጃር፣ አረርቲ አልበቀለም። እንግሊዞች ኦክ የሚሉት፣ ግንዱ እንደ በርሜል የወፈረ፣ ቅጠሉ እንደ ሐምሌ ደመና የተቆለለ የሰው አገር ዛፍ ነው። ከመምህራችን መጽሐፍ ላይ ስቀዳው ስለከረምኩ እጄ ለምዶታል፤ ዓይኔ ግራሩን እያየ እጄ ኦኩን ሳለ። የምንጃር ግራር ደግሞ የሚያብጥ ዛፍ አይደለም። እንደ ተዘረጋ ጃንጥላ አናቱ ጠፍጣፋ ነው፤ በቅርንጫፎቹ መሃል ሰማይ ይታያል፤ ጥላው ራሱ ቀዳዳ በቀዳዳ ነው። አያቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ከቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሌላ ሥዕል አይታም አታውቅም። ከዚያ ወዲህ ግን ሥዕሌን በአንድ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ያራቆተው ሰው አላጋጠመኝም።

1971 ዓ.ም. መሆኑ ነው፤ ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። መምህራችን ከደብረ ብርሃን የመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቆ የመጣ ቀጠን ያለ ወጣት ነበር። ጂኦግራፊ ያስተምረናል፤ ዓርብ ከሰዓት ደግሞ ሥዕል። እሱ ከመምጣቱ በፊት የሥዕል ክፍለ ጊዜ ማለት አስተማሪው የፈተና ወረቀት የሚያርምበት፣ ተማሪው ደግሞ ሁለት ተራራ፣ ከመሃላቸው የምትወጣ ፀሐይ፣ ከሥር የሚወርድ ወንዝና የጭስ ማውጫ ያለው ቤት የሚስልበት ሰዓት ነበር። ያን ቤት ማን እንዳስተማረን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ በማውቀው ሰፈር የጭስ ማውጫ ያለው ቤት አንድም አልነበረም፤ የእኛ ቤት ጭስ በሣር ክዳኑ ውስጥ ተንኖ ነው የሚወጣው። ስልሳ ልጅ ግን ስልሳ የጭስ ማውጫ ይስላል።

መምህራችን መጽሐፍ ነበረው። ሽፋኑ የተገነጠለ፣ በጋዜጣ የተለበጠ፣ የእንግሊዝን ገጠር በእርሳስ እንዴት እንደሚስሉ የሚያስተምር። ከየት እንዳገኘው ነግሮን አያውቅም፤ ከእጁም አያወጣውም። በየገጹ አንድ አንድ ዛፍ አለ፤ ለኦኩ ክብ ክብ እያለ የሚጠመዘዝ መስመር፣ ለሌላው ቁልቁል የሚንጠባጠብ መስመር። ከዛፉ በኋላ የእንጨት አጥር፣ ከአጥሩ በኋላ የድንጋይ ድልድይ፣ በመጨረሻ አራት ማዕዘን ግንብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ይመጣል። ከፊት ያለውን አጥቁሩ፣ ከኋላ ያለውን አፍዝዙ ይላል። ይህን አንድ ሕግ ከመጽሐፉ አውጥቶ ከጥቁር ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ሲያሳየን፣ ሰሌዳው ወደ ኋላ የራቀ መስሎኝ ደንግጬ ነበር።

መጽሐፉ ሁለት ቢ፣ አራት ቢ፣ ስድስት ቢ የሚሏቸውን የለሰለሱ እርሳሶች ይጠይቃል። እኛ ያለን አንድ ኤች ቢ ነው፤ እሱንም ከወንድሜ ጋር ለሁለት ሰብረነው፣ ላጲስ ያለበት ወገን የደረሰው እሱ ነው። ለእኔ ላጲስ የሆነኝ ካለቀ ሲሊፐር ተረከዝ ላይ የቆረጥኩት ጎማ ነበር። እርሳሱን በመቅረጫ መቅረጽ ክልክል ነው። በላሜታ እንጨቱን ረዘም አድርገን እንገፋለን፤ ጥቁሩ አንድ ጥፍር ያህል ሲወጣ በጎኑ አጋድመን እናሻለን። በጫፉ የሚስለው ጸሐፊ ነው፣ በጎኑ የሚስለው ሰዓሊ ነው ይል ነበር መምህራችን። ጠቆር እንዲልልን ጫፉን በምላሳችን እናርሳለን። ዓርብ ዓርብ ማታ እናቴ ከንፈሬን አይታ ምን እንደተማርኩ ታውቃለች።

እርሳስ የምንለው ነገር እርሳስ አለመሆኑን ያወቅሁት በጎልማሳነቴ ነው። ያ ጥቁር ነገር ግራፋይት ነው፤ ከከሰል ወገን። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በሰሜን እንግሊዝ፣ ቦሮዴል በሚባል ሸለቆ፣ ንጹሑ ከተራራ ውስጥ ሲገኝ እነሱም እርሳስ መስሏቸው «ጥቁር እርሳስ» አሉት፤ ስሕተቱ ለእኛም ተረፈን። ፈረንሳይ ከእንግሊዝ ጋር ተዋግታ ያ ማዕድን ሲቋረጥባት፣ ኒኮላ ዣክ ኮንቴ የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1795 የግራፋይት ዱቄት ከሸክላ አፈር ጋር አቡክቶ በእሳት ጠበሰው። ሸክላው ሲበዛ እርሳሱ ይጠነክራል፣ ሲያንስ ይለሰልሳል። አያቴ ይህን ብነግራት የምጣድ ሥራ ነው ትለኝ ነበር።

በዚያው ዓመት የአጥቢያችንን ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ የሚያድስ ሰዓሊ መጥቶ ሰነበተ። ሽማግሌ ነው፤ ቀለሙን ራሱ ይቀምማል። ደብተሬን ይዤ ሄድኩና የመገዘዝን ተራራ የሳልኩበትን ገጽ አሳየሁት። ከአረርቲ ወደ ሰሜን ሲያዩ ከሁሉ ገዝፎ የሚታየው እሱ ነው። ሽማግሌው ብሩሹን አስቀምጦ በደንብ አየልኝ። ከዚያ፣ «ተራራው ምን አደረገ ብለህ ነው የሳልከው?» አለኝ።

መልስ አልነበረኝም። በእሱ ትምህርት የሚሳለው አንድ ነገር ያደረገ ነው፤ ጻድቁ በሁለት ዓይኑ ፊት ለፊት፣ ክፉው በአንድ ዓይኑ በጎን። መሬት የሚባለው ከእግራቸው ሥር የሚሰመር አረንጓዴ ነው፣ ሰማይም ከራሳቸው በላይ ያለ ቢጫ። ተራራ ቢገባ እንኳ አንድ አባት ወጥቶ ስለጸለየበት ነው። ዝም ብሎ የቆመን ተራራ፣ ያውም ሰው የሌለበትን መሳል፣ ሥራ ፈትነት ይመስለዋል። አሁን ሳስበው ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ እንግሊዞቹም ቢሆኑ ተራራ ለብቻው ሥዕል እንደሚሆን እርስ በርስ ለመተማመን ብዙ ዘመን ፈጅቶባቸዋል።

ዊልያም ጊልፒን የሚባል ቄስና አስተማሪ እ.ኤ.አ. በ1782 ስለ ዋይ ወንዝ ባሳተመው መጽሐፍ መልክዓ ምድርን እንደ ሥዕል የማየት ወግ ለአገሬው ሰው አስለመደ። ከዚያ በኋላ እርሳስና ደብተር በኪሱ ይዞ ገጠር ለገጠር የሚዞረው ሰው በዛ። ጊልፒን አንድ ነገር ፈቅዶላቸዋል፤ ለሥዕሉ ካማረ ከፊት ለፊት የሌለ ዛፍ መጨመር ይቻላል። በጊልፒን ሕግ ከሄድን እንግዲህ የእኔ ኦክ ጥፋት አልነበረበትም። አያቴ ጊልፒንን አላነበበችም እንጂ።

መምህራችን ስለ እንግሊዝ ሥዕል ሲያወራ ወሬው ዞሮ ዞሮ ከአፈወርቅ ተክሌ ነው የሚያርፈው። «የእኛው የሰሜን ሸዋ ልጅ ነው፤ አንኮበር ነው የተወለደው» ይለናል፣ ጎረቤቱ እንደሆነ ሁሉ። በ1925 ዓ.ም. አንኮበር ተወለደ፤ እ.ኤ.አ. በ1947 ማዕድን ምሕንድስና አጥና ተብሎ ወደ እንግሊዝ ተላከ፤ እዚያ ሲደርስ የእጁ ነገር አላስችል አለና ለንደን ውስጥ ሴንትራል የሚባለውን የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት፣ ቀጥሎም ስሌድን ገባ። ተመልሶ መጥቶ የአፍሪካ አዳራሽን ግዙፍ የመስተዋት ሥዕል ሠራ። መምህራችን ይህን ሲተርክ የማይዘላት ቀልድ አለችው፤ «ከማዕድን ሁሉ እርሳሱን መረጠ!» ማንም አይስቅም ነበር። ግራፋይት ማዕድን መሆኑን አናውቅማ።

አያቴ ግራር እንዲህ አያብጥም ካለችኝ በኋላ ወደ ግራሩ ተመልሼ ሄድኩ። ለብዙ ቀን ሄድኩ። መጀመሪያ እጄን ማስረሳት ነበረብኝ፤ ክቡን መስመር ሲጀምር አቆመዋለሁ። ግንዱ ቀጥ ብሎ እንደማይቆም፣ ከሥሩ ትንሽ ከፍ ብሎ ለሁለት እንደሚከፈል አየሁ። ቅጠሉ እንደ ቅጠል አይሳልም፤ እርሳሱን አጋድሞ አግድም አግድም ሳብ ማድረግ፣ ከዚያ በሲሊፐሩ ጎማ ጥግ ሰማዩን መብሳት ነው። ከሥሩ ሁለት ጥጃ ተኝቷል። ከኋላው መንገዱ አለ፣ የፈሳሹ ድልድይ አለ፣ ከሁሉ ኋላ የዳገቱ ጠርዝ ፈዘዝ ብሎ። ለመጨረስ ብዙ አልቀረኝም፤ ጥላው ብቻ ነበር የቀረው።

ጠመንጃ ያነገተ ሰው ከኋላዬ ቆሟል። ከመቼ ጀምሮ እንደቆመ አላወቅሁም።

«ምንድን ነው የምታነሳው?»

«ሥዕል ነው ጋሼ። ግራሩን።»

«ድልድዩስ? ድልድዩም ግራር ነው?»

ካርታ ለማን እንደማነሳ ጠየቀኝ። ጊዜው እንዲህ ያለ ጥያቄ የሚያስፈራበት ጊዜ ነው፤ የኦጋዴን ጦርነት ካበቃ ገና ዓመቱ ነው፤ ድልድይ የሚያይ ሰው ሁሉ ይታያል። ደብተሩን ገለጠ። ከፊት የክፍልፋይ ሒሳብ፣ ከኋላ ሽፋኑ ላይ የማባዣ ሠንጠረዥ። ሒሳቡ ያዳነኝ ይመስለኛል። ገጹን ግን ቀደደው፤ በጥፊ እንደሚመታኝ ስጠብቅ አልመታኝም፤ ወረቀቱን ለአራት አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተና ሄደ። እኔን ያስለቀሰኝ ፍርሃቱ አልነበረም፤ አስተጣጠፉ ነው። እጥፉ ልክ በግራሩ መሃል ነበር ያለፈው።

ከዚያ በኋላ መምህራችን ከቤት ውጭ ሥዕል ቀርቷል አለን። በክረምቱ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወረ፤ መጽሐፉም አብሮት ሄደ።

ያንን ባለ ጠመንጃ ለብዙ ዓመት እንደ መሃይም ስቆጥረው ኖርኩ። ኋላ ሳነብ ነው ሐሳቤን ለወጥ ያደረግሁት። የእንግሊዝ የውኃ ቀለም ሥዕል አባት ይሉታል፤ ፖል ሳንድቢ። ይህ ሰው ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ እያለ፣ እ.ኤ.አ. በ1747፣ ሥራ የጀመረው በስኮትላንድ ደጋ በካርታ አንሺነት ነው። በ1745 ተነሥቶ የነበረው ዐመፅ ተደምስሶ፣ የንጉሡ ጦር ተራራውንና መንገዱን ማወቅ ስለፈለገ። ከ1768 ጀምሮ ደግሞ ዉሊች በነበረው የጦር ትምህርት ቤት ለዕጩ መኮንኖች መልክዓ ምድር መሳልን አስተማረ። ፎቶ ባልነበረበት ዘመን ኮረብታ፣ መሻገሪያና ድልድይ በእርሳስ መያዝ የወታደር ሙያ ነበር። ከፊት አጥቁር፣ ከኋላ አፍዝዝ የሚለውን ሕግ መድፈኛውም ተምሮታል።

የእኛም አገር አልቀረለትም። እ.ኤ.አ. በ1841 የቦምቤይ መሐንዲሶች መኮንን የነበረው ኮርንዋሊስ ሐሪስ የእንግሊዝን መልእክት ይዞ ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ አንኮበር ሲወጣ፣ አብሮት ዮሐን ማርቲን በርናትስ የሚባል ጀርመናዊ ሰዓሊ ነበር። ሥራው ማየትና መሳል ብቻ ነው። የአፋርን ቆላና የሸዋን ደጋ እየሳለ ቆየ፤ ሥዕሎቹ በ1852 በድንጋይ ኅትመት ወጡ። አንድ ወዳጄ ቤት፣ አዲስ አበባ፣ ቅጂያቸውን ሳገላብጥ አመሸሁ። ጋራው ከጋራ ኋላ እየፈዘዘ ሲሄድ አይቼ መምህሬ ትዝ አለኝ፤ ወዲያውም ያ ባለ ጠመንጃ። ንጉሡ ይህን ሰው ለማን ነው የምትስለው ብለው ጠይቀውት ይሆን? እ.ኤ.አ. በ1897 ደግሞ ሮድ የሚባል እንግሊዛዊ የመራቸው መልእክተኞች ከዘይላ ተነሥተው በሐረር በኩል ወደ ምኒልክ ሲወጡ በባልጪ አልፈዋል፤ የእኛው ባልጪ። ከመካከላቸው ግላይከን የተባለው መኮንን በዓመቱ ሥዕል ያለበት የጉዞ መጽሐፍ አሳተመ። እንግዲህ ምንጃርን አሻግሮ እያየ የሚጽፍና የሚስል እንግዳ ድሮም ነበር ማለት ነው። ባለ ጠመንጃው ይህን ታሪክ ያውቃል አልልም። ተጠራጠረ፤ የተጠራጠረው ነገር ግን እሱ ከሚያስበው በላይ ሥር ነበረው። ገጼን ስለወሰደ ግን ይቅር አላልኩትም።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ለእኔ ቅርብ ሆኖ ያገኘሁት እንግሊዛዊውን ሰዓሊ ጆን ኮንስታብልን ነው። አባቱ ወፍጮ ያለው የእህል ነጋዴ ነበር፤ ልጁ የሳለው የአባቱን ወፍጮ፣ የጎረቤቱን ማሳና የተወለደበትን ሰፈር ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 እና በ1814 በሰፈሩ ሲዞር ይዟቸው የነበሩ ሁለት የኪስ ደብተሮች ዛሬ ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ውስጥ አሉ፤ የእጅ መዳፍ ቢያህሉ ነው። በውስጣቸው ማረሻ አለ፣ በር አለ፣ ጀልባ አለ፣ ኋላ በትልቅ ሸራ ላይ የሚመጣ ነገር ሁሉ በትንሹ አለ። ሰውየው ምንጃሬ ቢሆን ኖሮ የሚስለውን አውቃለሁ።

የሚቸገርበትንም አውቃለሁ። የእነሱ አገር አየር እርጥብ ነው፤ ከአንድ አጥር እስከሚቀጥለው አጥር ድረስ ነገሩ ሁሉ በጉም ይፈዝዛል፣ እርሳስ ደግሞ ጉም ይወዳል። አረርቲ በጥር እኩለ ቀን ላይ ቁም፤ ከፊትህ ያለው ጉቶና ከአምስት ኪሎ ሜትር በኋላ ያለው ክምር እኩል ስለው ይታያሉ። ኦክ የለ፣ አጥር የለ፣ የሚጠማዘዝ ጅረት የለ። ያለው ሜዳ ነው፤ ሜዳው ላይ ደግሞ ጤፍ።

ጤፍ መሳል ሞክራችሁ ታውቃላችሁ? ኅዳር ላይ፣ ሊታጨድ ሲል። እኔ መጀመሪያ ዘለላ በዘለላ ጀመርኩት። አንድ ጋት ሳልሞላ ወረቀቱ የቁራ ጎጆ መሰለ። ከሰማዩ ቀጥሎ ከሁሉ የነጣው ነገር ማሳው ሆኖ ሳለ እኔ ከሁሉ አጠቆርኩት። ተናድጄ በዚያ የሲሊፐር ጎማ ፋቅሁት፤ ከግራ ወደ ቀኝ፣ እንደ ንዴቴ። ጎማው መች በደንብ ያጠፋል፤ ግራጫ ግራጫ ሆኖ ተጋደመ። ቀና ብዬ ማሳውን አየሁ፤ ነፋሱ ከግራ ወደ ቀኝ ጤፉን አስተኝቶት ነበር። ደብተሩን አየሁ፤ እዚያም እንደዚያው ተኝቷል።

ያን ቀን የገባኝን እስከ ዛሬ አልለቀቅሁትም። ጤፍ የሚሳለው ዙሪያውን በመሳል ነው፤ ድንበሩን፣ አውድማውን፣ የበሬዎቹን ጀርባ፣ መንሹ ከሰው እጅ ላይ ወደ ሰማይ የወረወረውን ገለባ። የቀረውን ወረቀቱ ራሱ ይሠራዋል። የመምህራችን መጽሐፍ ይህ አልነበረበትም፤ ቢኖርበትም በኦኮቹ መሃል አልታየኝም። በውቂያ ሰሞን ደግሞ ሜዳው ለአንድ ወር ያህል የእንግሊዝ አየር ያገኛል፤ የአውድማው አቧራና እብቅ ተንሳፎ ይቆይና ከሰዓት በኋላ መገዘዝ ይፈዝዛል። እርሳሴን ይዤ የምወጣው ያኔ ነው።

ባለፈው ኅዳር አረርቲ ሄጄ ነበር። አስፋልቱ፣ ቆርቆሮው፣ ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የሚሄደው ከባድ መኪና፤ ይህን ሁሉ ሌላው ሰው ይጻፈው። እኔ ወደ ማሳው ነው የሄድኩት። የሚያርሰው አሁን የአጎቴ ልጅ ነው። ግራሩ የለም። ተቆርጦ ከሰል ከሆነ ስምንት ዓመት አልፎታል አለኝ፤ ጉቶውንም ለማረሻ ስለማይመች ነቅለውታል። ያን የድሮ ደብተር ይዤው ነበርና ገልጬ አሳየሁት። አየና ከት ብሎ ሳቀ።

«ይኼማ እሱ አይደለም! እሱ እንዲህ መች ያብጥ ነበር?»

«አይደለም። እሱን ሰው ወስዶብኛል።»

ድንበሩ ላይ ቁጭ ብዬ አዲስ ገጽ ገለጥኩ። ዛሬ የማይቸግረኝ ነገር ቢኖር እርሳስ ነው፤ ስድስት ቢም አለኝ፣ አራት ቢም። ድንበሩን ሳልኩ፣ ከወዲያ ያለውን ክምር፣ ፈዘዝ ያለውን መገዘዝ። ግራሩን ከትዝታዬ ልመልሰው ብዬ ጫፉን አሳረፍኩና እጄ ክቡን መስመር ሲጀምር ተሰማኝ፤ አነሳሁት። የአጎቴ ልጅ በትከሻዬ በኩል አጎንብሶ ሲያይ ቆየ።

«ይኼ ባዶው ምንድን ነው?»

«ጤፉ ነው።»

«ግራሩ የነበረበትስ?» አለና ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ።

«እሱም አሁን ጤፍ አይደለ?»

«ነው» አለ። ጣቱን ሲያነሳ ካረፈበት ቦታ ላይ የአፈር ምልክት ቀረ። ላጲሴን አወጣሁ፤ ከዚያ መልሼ ኪሴ ከተትኩት።